ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ማመልከቻ

በሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሁሉ የምበልጠው እኔ ነኝ። ጠበቆች እንኳ ሥራ ሲበዛባቸው «እሳቸው ጋ ሂዱ» እያሉ ደንበኛ ይልካሉ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሕጉን የተማርኩት ከችሎት የኋላ ወንበር ሆኜ በማዳመጥ፣ ሲዳምኛውን ከገበያ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ የእጅ ጽሕፈቴን በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ አንዲት ሴት መጥታ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ከማረሚያ ቤት ተፈትታ ወደ ገጠር ቀበሌዋ የሚሄድ መኪና ልትይዝ ነበር፤ መሳፈሩን ግን ፈራችው።

«ስወርድ መድኃኒት መሸጫው መንገዴ ላይ ነው፣ አባባ። ሰውዬው ያውቀኛል። ሳልጠይቀው ነው የሚያወጣልኝ።»

ነገሩን በሲዳምኛ አስረዳችኝ። እንጨት ተሸክማ ወገቧ ተጎዳ፤ ያ መድኃኒት ሻጭ ያለ ማዘዣ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጣት፤ ሕመሙ ሲተዋት ክኒኑ አልተዋትም። የባሏን ወንድም ጊደር ሰርቃ ሸጣ የታሰረችው ለክኒኑ ስትል ነው። እስር ቤት ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ተወችው። አሁን ወገቧ እንደገና ጀምሯታል። ሆስፒታል ልሂድ እንዳትል የጤና መድን ደብተሩ በባሏ ስም ነው፤ ባሏ ደግሞ የእሷን ስም አሰርዟል። የምትፈልገው ክኒኑ ሳይቀድማት ቀበሌዋ የነጻ መታከሚያ ወረቀት እንዲሰጣት ነበር።

«ለእኔ ተይው» አልኳት።

ማመልከቻ አንጀት መብላት አለበት ባይ ነኝ። ጊደሯን፣ እስሩን፣ ክኒኑን አንድ ሳላስቀር አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩላት። ሳነብላት አለቀሰች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። አፍንጫዋን ታካለች፤ የዓይኗ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክሏል።

«ክኒኑን ወሰድሽ?»

«የቀበሌው ጸሐፊ ጮክ ብሎ አነበበው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። የባሌ እህትም ነበረች። ‹ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ ንስሐ?› አለና አሳቃቸው። ከዚያ ወጥቼ ወዴት ልሂድ? መድኃኒት መሸጫው ክፍት ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ቆንጆ ይጽፋሉ፣ አባባ። እኔ ግን መታከም እንጂ መወራት አልፈለግኩም።»

በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስቆይ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ለዳኛ የሚጻፈውና በቀበሌ ወረፋ መሀል የሚነበበው አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእኔን ጥፋት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያርመው የለም።

ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ነዋሪ ናት፤ ወገቧን ታማለች፣ የመታከሚያ አቅም የላትም፤ ወረቀት ይሰጣት። ወንበሬን ለጎረቤቴ ለጫማ ጠጋኙ አደራ ብዬ አብሬያት ተሳፈርኩ። መድኃኒት መሸጫው ፊት ስንወርድ ክንዷን ያዝኩ። ሰውዬው «እንኳን ደህና መጣሽ!» አላት።

«እኔንም ሰላም በለኛ» አልኩት። «ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ሰው ማመልከቻ መጻፍ አውቃለሁ።»

ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

የቀበሌው ጸሐፊ ደግሞ «ያቺ ረጅሟ ማመልከቻስ የት ሄደች?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ።

«ለአገሩ ሁሉ አነበብካት አይደል? በዚችኛዋ ላይ ማኅተም ብቻ አድርግ።»

አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ያሳካሁትን ልጻፍ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት በአንድ ቀን አስወጣሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በር ዘግታ እንድታናግራት አደረግሁ፤ የክኒኑ ነገር በዚህኛው ጊዜ ለነርሷ ብቻ ተነገረ። ሀዋሳ ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር አጻፍኩ። የታዘዘላትን መድኃኒት በየወሩ ከተማ ድረስ ሳትመጣ እዚያው ጤና ጣቢያ እንድትወስድ ከሐኪሙ ጋር ተሟገትኩ፤ ፈቀደ። ሻጩን ማስቆም ገና አልቻልኩም፤ አመልክቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ክኒኑ ላይ ወድቃ በራሷ እግር ወደ ነርሷ ሄዳለች፤ ይህ የእሷ ሥራ ስለሆነ ከእኔ ጋር አልቆጥረውም። ከእሷ በኋላ የተፈቱ ሦስት ሴቶች መኪና ከመያዛቸው በፊት እኔ ጋ መጥተዋል፤ ለሦስቱም ወረቀታቸውን አስገኝቻለሁ።