የይርገዱ ዝንብ

ባየህ ምላሱ አርፎ የማያውቅ ሰው ነው። ወረታ ገበያ ይዋል ሩዝ አጨዳ፣ አንድ ሰው በነገር ሳይወጋ ወደ ቤቱ አይገባም። ሚስቱ ይርገዱ ደግሞ ዝምተኛ ነበረች። እሱ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮት ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ።

ፎገራ ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ የርብ ወንዝ ውኃ በየሩዝ ማሳው ዳር ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በኩሬው መዳፍ የማታህል የቀረሶ ዓሣ ትርመሰመሳለች። ሌላው ዓሣውን በትል ሲያጠምድ ባየህ ግን በዝንብ ነው። ዝንቧን የምትሠራለት ይርገዱ ነበረች። በትንሽ መንጠቆ ላይ የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ታዞርና በቀጭን ጥቁር ክር ጥፍንግ አድርጋ ታስራታለች። ውኃው ላይ ጣል ሲያደርጋት ቀረሶዋ እውነተኛ ዝንብ መስሏት ትውጣታለች። ይርገዱ ስትሠራ ታዲያ ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታው ነው። «ምን እንዳይታይብሽ ነው?» ሲላት ትስቃለች።

ነሐሴ ላይ እናቷ ሞቱባት። እንደ አገሩ ወግ ራሷን ተላጨች። ዝንብ መሥራቷንም በዚያው ተወች። መስከረም ጠባ፣ ኩሬው ሞላ፣ ባየህ ባዶ መንጠቆ ይዞ ቁጭ አለ። ሲነዘንዛት «ትንሽ ይቆይ» ትለዋለች። አንድ ቀን ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «አንቺ፣ የተላጨሽው ራስሽን ነው ወይስ እጅሽን?» ብሎ ቀለደባት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ይርገዱ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ኅዳር ላይ ወባ ያዛት፤ ሳምንት አልሞላትም፣ ሞተች።

አንዲት ልጃቸው ትርሲት ከአንበሳሜ ከባሏ ቤት መጥታ፣ እሷም ራሷን ተላጭታ እናቷን ቀበረች። የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ባየህ አሮጌ ኮቱን ሲያራግፍ፣ ክሳዱ ላይ ተሰክታ የቀረች አንዲት ዝንብ አገኘ። ከይርገዱ እጅ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«እፈታታለሁ» አለ። «አሠራሩን አይቼ እንደሷ አድርጌ እሠራለሁ።»

«አባ፣ ይተዉአት እንጂ! አንዴ ከፈቷት እንደነበረች አይመልሷትም።»

«አንቺ ታውቂበታለሽ?»

«የት አሳየችኝና።»

«እንግዲያ ሙያዋም አብሯት ይቀበር?» አለና ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ከዚች ወዲያ ከእሷ ምንም እንደማይቀረው ያውቃል።

ቋጠሮዋን በእሾህ ጫፍ ፈልጎ ፈታት። መጀመሪያ ላባው ወደቀ። ቀጥሎ ጥቁሩ ክር እየተጠማዘዘ ተተረተረ። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። ክር አይደለም። ሁለት ዘለላ የራስ ጠጉር አብሮ ተገምዶ ነው፤ አንደኛው ሥሩ ሸብቷል።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባው። ከራስ የረገፈ ጠጉር ክፉ ሰው እጅ ገብቶ መተት እንዳይሠራበት ይቃጠላል። ባየህ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ ማበጠሪያ ላይ አንድ ጠጉር ካየ እሳት እስኪገባ ድረስ ቤቱን በቁጣ ያምሰው ነበር። እሷ ግን ለእሱው መንጠቆ ብላ ስትደብቅ ኖራለች። ጀርባዋን የምትሰጠውም ለዚህ ኖሯል። ስትላጭ ጠጉሯ ሁሉ እሳት ገብቶ የምታስርበት አለቀባት፤ «ትንሽ ይቆይ» ያለችው እስኪያድግላት ነው። እሱ ግን በሰው ፊት አሳቀባት።

ትርሲት መጥታ ከጎኑ ቁጢጥ አለች። ጥቁር ሻሿ ሸርተት ብሎ የተላጨ ራሷ ታየ።

«ምንድን ነው አባ?»

ትርሲት እጁ ላይ ያለውን አየችና፣ ከልጅነቷ ሲቆጣበት እየሰማች ያደገችበት ነገር ነውና፣ እጇን ዘረጋች።

«ጠጉር እኮ ነው። ያምጡት፣ እሳት ልክተተው።»

ባየህ መዳፉን ጨብጦ ደረቱ ላይ አደረገው። ልጁ እያየችው፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰውን ያህል አለቀሰ። መዳፉን ግን አልከፈተላትም።