መልስ የሚጠብቅ ግድግዳ

እናቴን ይዤ የገባሁበት የቀለም ሱቅ ውስጥ የእኔ ሥራ ስም መተርጎም ነበር። እዚህ አገር ግራጫ ዝም ብሎ ግራጫ አይባልም፤ እያንዳንዷ የናሙና ካርድ ላይ ስም አለ። ግራጫው «የማለዳ ጭጋግ» ይባላል፣ ቢጫ ቢጤው «የተቆላ አጃ»፣ አረንጓዴው «የዝናብ ማግስት»። የሆነ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደሞዝ እየተከፈለው እነዚህን ስሞች የሚያወጣ ሰው እንዳለ ሳስብ ቀናሁ። እኔ ግጥሜን የምጽፈው አየር ማረፊያው አጠገብ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። እናቴን ግን አልደነቃትም። «የተቆላ አጃ» ስላት ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችውና «ቀለም ነው ቁርስ?» አለችኝ።

ሳሎኑ የሚቀባው ለአጎቴ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቪዛ አግኝቶ ነበር። እናቴ አየር ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር ትገፋለች። የሌላ ሰው እናት፣ የሌላ ሰው ወንድም ከበር እስከ መኪና ስታደርስ ኖራ አሁን የራሷን ሰው ልትቀበል ነው። አውሮራ የሚባል ከተማ ያለው ቤታችን ሳሎኑ የቀድሞው ባለቤት የተወው፣ የቀዘቀዘ ሻይ የመሰለ ቀለም ነበረው። ለእኛ ይበቃል ስትል ቆይታ ለእሱ ግን አይበቃም አለች። አጎቴ ደግሞ እንጀራው ቤት መቀባት ነው። በስልክ ግድግዳውን ባሳየችው ቁጥር፣ እኔን ቀቢውን እዚህ ልታስቀምጪኝ ነው እያለ ያሾፍባት ነበር።

ዘዴውንም የነገራት እሱ ነው። ካርድ አይተሽ አትምረጪ፤ ትንሽ ትንሽ ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ ቀቡት፣ ጠዋትና ማታ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እኔ እመርጥልሻለሁ አላት። ስለዚህ ሦስቱንም ገዛን። በሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ትሪ ትሪ የሚያካክሉ ሦስት አራት ማዕዘኖች ጎን ለጎን ቀባሁ፤ ፎቶ አንስታ ላከችለት። አሮጌውን ሶፋ እዚሁ አቅራቢያ ቶርንተን ለሚኖር አዲስ መጪ ቤተሰብ ሰጠን፤ ምንጣፉን ጠቅልለን ጋራዥ አስገባን። አዲስ ሶፋ የሚገዛው ቀለሙ ሲታወቅ ነው ተባባልን።

በማግስቱ አየር ማረፊያው አጠገብ ፓርክ አድርጌ ተሳፋሪ ስጠብቅ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። አጎቴ ማታ ተኝቶ ጠዋት አልተነሳም። ለእናትህ ሰው ሳይሰበሰብ እንዳትነግራት አለኝ።

የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፦ እናቴ ከስደተኞች ካምፕ ጀምሮ ለምታውቃቸው፣ እኔ እትዬ ለምላቸው ጎረቤታችን። እትዬ አለቀሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሰው በማለዳ ሥራ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስም አማክረው እሑድ ይሁን አሉ። ገና የሳምንቱ መጀመሪያ ነበር። ሞቱ የእረፍት ቀን እስኪደርስ ተራ ያዘ።

ወዲያው ቀለሙን ለማየት በሚል መጡ። እናቴ ባዶው ሳሎን መሀል ቆማ ሶፋው ወዴት እንደሚሆን፣ መጋረጃው እስከየት እንደሚወርድ በእጇ እየሳለች ስታሳያቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስሸኛቸው በር ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ሶፋውን አታስመጡ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለምን እትዬ?»

«ባዶ መሆኑ ደግ ነው። ብዙ ወንበር ይይዛል።»

ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል እንደ ሳሎን ማየት አቃተኝ። እናቴ ሶፋ እንይ ስትለኝ ሥራ አለኝ እላለሁ። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ግድግዳው ፊት ትቆማለች። የጠዋት ብርሃን ጭጋጉን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ የማታው ብርሃን አጃውን ያሞቀዋል፤ ይህን ሁሉ በድምፅ እየቀዳች ትልክለታለች። ከላከችው ሥር አንዲት ምልክት ብቻ ትታያለች፤ መድረሱን የምትነግረው ሁለተኛዋ አልመጣችም። ኔትወርክ ዘግተውባቸው ነው ትለኛለች። ይሆናል እላለሁ። አንድ ማታ ሰልችቷት፣ እስቲ አንተ ምረጥ፣ ቃል ስትመርጥ አይደል የምትውለው አለችኝ። እሱ ይምረጥ እንጂ አልኳት። ብዙ ቃል አውቃለሁ ብዬ የምመካ ሰው፣ ያን ሳምንት የነበረኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አደራ ተብዬ ውጬዋለሁ።

እሑድ ሳይነጋ መኪኖች መንገዱ ዳር ተደረደሩ። ቄሱ ከፊት፣ እትዬ ከኋላቸው፣ ሌሎቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እናቴ በሩን ከፍታ ነጠላቸውን አየች። ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። ዞራ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ልጽፈው ሞክሬ አልቻልኩም።

ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ተጣጣፊ ወንበሮች ሳሎኑን ሞሉት፤ እትዬ እንዳሉት ብዙ ያዘ። እናቴ ጥግ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ተቀመጠች። ለቅሶ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ ዝምታው ሲከብደው ወሬ ይፈልጋል። ወሬው ፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ ነበር። ታክሲ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ መሀለኛው ደግ ነው፣ እድፍ አያሳይም አሉ። አንዲት ሴት አረንጓዴው ዓይን ያሳርፋል ስትል ጎኗ የተቀመጠችው ነርስ ሆስፒታል ነው የሚመስለው ብላ አጣጣለችው።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ገነት ብትገቢም ሆስፒታል ነው የሚመስልሽ» አሏት ሽማግሌው፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

እትዬ፣ ሐሳቧን ለማስቀየር መሰለኝ፣ ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው ታዲያ እናንተ የቱን መረጣችሁ አሏት።

እናቴ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አየችው።

«ገና አልመለሰልኝም» አለች።

ወንበሮቹ ከተመለሱ ወዲህ ክፍሉ ባዶ ነው። ሶፋ አልገዛንም፤ እንግዳ ሲመጣ ወጥ ቤት እናስቀምጣለን። ሦስቱ ቀለሞች እንዳሉ ናቸው፤ እሷ ከሥራ ስትገባ አሁንም ጫማዋን ሳታወልቅ ፊታቸው ትቆማለች፤ ድምፅ መቅዳት ግን ትታለች። በቀደም ሳልነግራት ልጨርሰው ብዬ ብቻዬን ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ የትኛውን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። የሦስቱንም ስም በቃሌ አውቃለሁ። ግን ባዶ እጄን ወጣሁ።