ሣር ያልኩት ሽንኩርት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ሴቻ

ከቤት የወጣሁት በደንብ ሳይነጋ ነው። በአንድ እጄ ዣንጥላ፣ በሌላው የብስኩት ካርቶን ይዣለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ከነአፈሩ የተቆፈረ ጋርሊክ ቻይቭስ አለ። ለማያውቀው፣ ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ከሣር አይለይም፤ ጠረኑ የነጭ ሽንኩርት ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ደጅ ያሳምራል። ሁለት ጣት ያህል አስቀርተው ቢያጭዱት ተመልሶ ይበቅላል፤ አሳ ወጥ ሊወርድ ሲል ከትፈው ጣል ቢያደርጉበት ጎረቤት ይጠራል። ሰላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ስለወጣሁ ሳላብራራ ማለፍ አልችልም። ባለቤቴን ጠይቋት።

የምሄድበት ጉዳይ ግን አያኮራም። አብሮኝ ያስተምር የነበረው ማርቆስ ዛሬ ኦቾሎ በሚባል የዳገት መንደር፣ በአባቱ መሬት ላይ ይኖራል። አምና ከዚህ ተክል ጥቂት ሰጠሁት። ስሙን ሲጠይቀኝ የፈረንጅ ስሙን ለመናገር ሰነፍኩና «የሽንኩርት ሣር በለው» አልኩት። እሱም ከታናሽ ወንድሙ ከዳንኤል ጋር በሚጋሩት መግቢያ ግራና ቀኝ ተከለው። ነገ የማርቆስ ሴት ልጅ ቀለበት ነው። ረቡዕ ዕለት ዳንኤል፣ «ለእንግዶቹ መንገዱን ላጽዳ፣ ሣር በዝቶበታል» ብሎ ሙልጭ አድርጎ ነቀለው። ማርቆስ በሰው ፊት ጮኸበት። ዳንኤልም፣ «ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም» ብሎ ቤቱ ገባ።

ትናንት ማርቆስ ደወለልኝ። «አጎቷ ሳይመርቃት ልጄ ቀለበት ልታስር ነው። ሣር ያልከው አንተ ነህ፤ ና!»

1 ሰዓት ተኩል፤ ሲቀላ

ወደ ሲቀላ የያዝኩት ሚኒባስ ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ካርቶኑ ሸተተ። ሹፌሩ ዞር ብሎ፣ «ዳጣ የፈሰሰበት ማነው?» አለ። ዳጣ እዚህ ከአሳ ጋር የሚቀርበው የቃሪያና የነጭ ሽንኩርት ማባያ ነው። እኔም ስለ ተክሉ ማብራራት ጀመርኩ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ መስኮቱን ከፈቱ፤ ለሽታው ይሁን ለማብራሪያው አላወቅኩም።

ሲቀላ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ አሳ ጥብስ አዘዝኩ። ሁለት ቅጠል በጥሼ እላዩ ላይ በተንኩ። አስተናጋጇ ደንግጣ ሮጣ መጣች።

«ውይ ጋሼ! ሣር ገብቶበታል፣ ይቅርታ፣ ይቀየርልዎታል!»

አፌን ሳልከፍት ሳህኑን ይዛው ሄደች። ዳንኤልን ያኔ ተረዳሁት።

3 ሰዓት፤ ላንቴ

ላንቴ ሙዝ በሙዝ ነው። የጭነት መኪናዎች ሙዝ ይጭናሉ፣ ሴቶች በመንገዱ ዳር ሙዝ ይሸጣሉ። ወደ ኦቾሎ የሚወጣ ሞተር ያዝኩ። ሞተረኛው ካርቶኑን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ጋሼ፣ ኦቾሎ ሣር አለቀ እንዴ?»

«ሽንኩርት ነው።»

«እሺ» አለና ለሣሩ ሃምሳ ብር ጨመረብኝ። ዳገቱን ስንወጣ የዓባያ ሐይቅ ከታች ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል። እኔ ግን ፍርሃት ይዞኛል። በአንድ ስንፍና ሁለት ወንድማማቾችን አጣልቻለሁ።

5 ሰዓት፤ ኦቾሎ

ማርቆስ የሰፈሩን ሽማግሌ፣ ጋሽ ኦይታን፣ ይዞ ጠበቀኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔን ራሱ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሦስታችን ዳንኤል ደጅ ደረስን። ዳንኤል ሸማ ከሚሠራበት ጉድጓድ ብቅ ብሎ ቆመ። ካርቶኑን አስቀመጥኩና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አላየኝም።

«እኔ ለልጅቷ ብዬ ነው ያጸዳሁት» አለ ለጋሽ ኦይታ። «እሱ በሰው ፊት ሰደበኝ። አልሄድም።»

ጋሽ ኦይታ ጎንበስ ብለው ከካርቶኑ አንድ ጭብጥ አረንጓዴ ነጭተው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም። የያዙት ግን ሣር አልነበረም! ማርቆስን አየሁት፤ አየኝ። የተንበረከከን ሽማግሌ ማን ያርማል? እሳቸው ጭብጣቸውን እያጠበቁ ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ ሽታውም ግቢውን ሞላው።

ዳንኤል አላስቻለውም። «ይነሱ አባቴ፣ ይነሱ» ብሎ አነሳቸውና ቅጠሉን ከእጃቸው ተቀበለ። አፍንጫውን አጨማደደ። ጋሽ ኦይታም መዳፋቸውን አሸተቱ።

«ዛሬ ዳጣ አልነካሁም እኮ» አሉ ግራ ተጋብተው።

መጀመሪያ የሳቀው ማርቆስ ነው፤ ከዚያ እኔ። ዳንኤል አልሳቀም። አንዷን ቅጠል አፉ ውስጥ ከትቶ ቀስ ብሎ አኘከ።

«ይሄን ነው የነቀልኩት?»

«ይሄን ነው» አለ ማርቆስ። «ግን መጮህ አልነበረብኝም። አጥፍቻለሁ ወንድሜ።»

ዳንኤል ማኘኩን ጨረሰ። በመጨረሻ ካርቶኑን አንስቶ ወደ መግቢያው አመራ፤ መንገድ ላይ ዞር ሳይል ጠየቀ።

«ነገ እንግዶቹ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

ማርቆስ መቆፈሪያ ሊያመጣ ሮጧል። እኔ ነኝ «በአራት» ብዬ የመለስኩለት።