የአፊና ሆድ ዕቃ

ኢሊንካ ስለ ድብና ተኩላ ስታጠና ነው ፀጉሯ የሸበተው። በካርፓቲያ ተራሮች የማታውቀው የድብ ዋሻ የለም። ባሏ ሳንዱ በሕይወት ሳለ «አንቺን ለማግኘት ድብ ሆኜ መፈጠር ነበረብኝ» እያለ ይቀልድባት ነበር። መንደሩ የሚፈራት ግን በምላሷ ነው። ደጅ የተጣለ ፍርፋሪ ካየች ቄሱንም አትምርም! «ድብ አንዴ የሰው ምግብ ከቀመሰ ወደ ሰው መምጣቱን አይተውም፣ አበቃለት!» እያለች ትጮሃለች። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «ኧረ ቆሻሻሽን ደብቂ፣ የድቦቹ አማት መጣች!» ይባባላሉ።

ከድቦቹ ሁሉ የምትሳሳላት ለአፊና ነበር። ግልገል ሳለች ጀምሮ ተከታትላታለች። የት እንዳለች የሚጠቁመውን የመከታተያ ማሰሪያ አንገቷ ላይ ያጠለቁላትም እሷና የደን ጠባቂው ቶአዴር ናቸው።

በዚያ ጸደይ የቶአዴር እናት፣ እማማ ፓራስኪቫ፣ መቃብር ቦታ አረም ሲነቅሉ ድብ ገደላቸው። ወይ መከራ! ቶአዴር የእናቱን ሻሽ እንደያዘ ኢሊንካ ቤት ገባ።

«አፊና ናት» አላት።

«አይደለችም! የመከታተያዋ ባትሪ አልቋል፣ በምን አወቅህ? የሰው ምግብ ቀምሳ አታውቅም። መቃብር ውስጥ ምን አለና ትመጣለች?»

«እናቴ ናት የሞተችው፣ ኢሊንካ። ሰዉ ደኑ ውስጥ ገብተን ድብ የተባለን ሁሉ እንጨርስ እያለ ነው።»

እማማን ቅዳሜ ቀበሯቸው። ኢሊንካ ከቀብሩ ስትመለስ እንደ ልማዷ ሳንዱ መቃብር ላይ፣ በአገሩ ወግ ለሙታን የሚተወውን የስንዴ ንፍሮ አስቀመጠች። ሌላው ሰው ዋልነት የሚባለውን ለውዝ ነው የሚጨምርበት፤ ሳንዱ ግን ዋልነት ስለማይወድ እሷ የደረቀ ፕሪም ትጨምርለታለች።

እሁድ ማለዳ ድብ ተመልሶ መቃብሮቹ መካከል ታየ። ቶአዴር ተኮሰ። አፊና ነበረች።

ኢሊንካ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሰዉ ፊት ቆመች። «ሆዷን እዚሁ እከፍተዋለሁ። የሰው ምግብ ከተገኘበት ያሻችሁን አድርጉ። ካልተገኘ ግን ደኑ ውስጥ ያሉትን አትነኳቸውም!» ተስማሙ።

ቶአዴር ትሪ ያዘላት። ሥር ወጣ፣ ሣር ወጣ። «አያችሁ?» አለች፣ ፊቷ ፈካ ብሎ። ቀጥሎ የተቀቀለ ስንዴ ወጣ።

«ይሄማ የሙታን ነው» አለች አንዲት ሴት ግራ ገብቷት። «ይሄም ምግብ ሊባል ነው እንዴ?»

እውነቷን ነው፤ ለሞተ ሰው የሚተወውን ንፍሮ እንደ ምግብ የቆጠረው ማን አለ? በየስብሰባው ስለ ፍርፋሪ ስትጮህ የኖረችው ኢሊንካ እንኳ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም!

ቶአዴር ስንዴውን በጣቱ ገለጥ ሲያደርግ ፕሪሙን አየ። በየዓመቱ በሳንዱ ሙት ዓመት ከእጇ ሲበላው የኖረ ነው። ቀና ብሎ አያትና ማንም ሳያይ በመዳፉ ሸፈነው።

ኢሊንካ እጁን ቀስ ብላ አነሳችው። «ተው፣ ቶአዴር። የኔ ነው። ወደዚህ ያመጣኋት እኔ ነኝ። እናትህንም የገደልኩት እኔው ነኝ።»

ቶአዴር ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በማግስቱ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደ ደኑ ሲወጡ በኢሊንካ ደጅ አለፉ። በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትጮሃለች ብለው ጠበቁ፣ አልጮኸችም።