እንዳትነኩ፣ ኤሌክትሪክ ነው!

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ከእንጦጦ ሥር፣ ቁስቋም አካባቢ ነው። በረጅም የጋዜጠኝነት ሥራዬ ከዚያ የከፉ ቦታዎች ገብቼ ወጥቻለሁ። ይህኛው ከሐሳቤ ያልወጣው ሰው ከቦኝ እያለ የሚረዳኝ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ሙሉጌታ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪናን “አሻንጉሊት” እያሉ ሲቀልዱበት ኖረው፣ የቤንዚን ሰልፍ ሲያንገሸግሻቸው አሮጌዋን ታክሲያቸውን ሸጠው አንድ ገዙ። እኔም ሰው ለምን ሐሳቡን እየቀየረ እንደሆነ ዘገባ እየሠራሁ ስለነበር አብሬያቸው ወጣሁ።

“ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ማደያ መገተር የለ!” አሉኝ መሪውን እየደባበሱ። “ጻፍ እንጂ!”

ከቁስቋም ስንወርድ ዝናቡ በረታ። ጠባቧ መንገድ ላይ መኪናዋ በጭቃው ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ገባች። በእኔ በኩል የድንጋይ አጥር፣ በእሳቸው በኩል ለግንባታ የተከመረ ድንጋይ ነው፤ በሮቹ አልከፈት አሉ። ስክሪኑ ጠፋ፤ መስኮቱም አልወርድ አለ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በበሩ ሥር መግባት ጀመረ።

እዚያ ሰፈር መኪና ቦይ ከገባ ሰው ሳይጠራ ይሰበሰብና ተሸክሞ ያወጣዋል። ያን ቀንም ተሰበሰቡ። ከመሐላቸው ግን አንዱ ጮኸ፦

“እንዳትነኩ! ኤሌክትሪክ ነው፤ ይነዝራችኋል!”

ሁሉም ወደ ኋላ አሉ።

“ድሮስ በሶኬት የሚሄድ ነገር!” አሉ አንድ ሽማግሌ።

ጋሽ ሙሉጌታ መስታወቱን እየደበደቡ “ኧረ አይነዝርም፣ ጎበዝ!” ይላሉ። እኔ ባትሪው ውሃ እንዳያስገባ ታሽጎ እንደሚሠራ ባለሙያ ጠይቄ ጽፌያለሁ። ሆኖም እጄን ከበሩ ብረት አርቄ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። በመስታወቱ ማዶ የሚያዝኑልን ፊቶች ይታዩኛል፤ የሁሉም እጅ ግን ብብቱ ሥር ነው።

ከፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዘይነባ የምትባል ሴት ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች።

“እነሱ ውስጡ ቁጭ ብለው ምን ሆኑ? ቆማችሁ ልታዩአቸው ነው?”

መዳፏን ጣሪያው ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፍና እንደነበር አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

“ይኸው! ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ነው። በሉ ያዙ!”

ሁሉም ተረባረቡ። ተሸክመው መንገዱ ላይ ሲያወጡን በሩ ተከፈተ፤ ውሃውም እኛም አብረን ወጣን።

“መኪናዬ ትሠራልኝና መርካቶ ዕቃ ስታወጪ እኔ ነኝ የማመላልስሽ” አሏት ጋሽ ሙሉጌታ።

“መንካቱ ይበቃኛል፣ ጋሼ” አለች ዘይነባ። “መርካቶ በታክሲ እሄዳለሁ።”

በሰዎቹ አልተቀየምኩም። መረጃው በእጄ እያለ እኔም ብረቱን አልነካሁም። መኪናዋ ተሠርታለች፤ አሁንም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ዝናብ ከሆነ ግን መስኮቱን ጥቂት ከፍቼ ነው የምቀመጠው። ጋሽ ሙሉጌታ እጅጌዬ ሲረጥብ ያዩና “ዝጋው እንጂ” ለማለት አፋቸውን ከፈት ያደርጋሉ። ከዚያ ይተዉታል።