ከሦስት ጉርሻ በኋላ

በአዳማ የእህል መጋዘኖች አካባቢ «ጎተራው» ሲባል ጆቴ መሆኑን የማያውቅ ወዛደር አልነበረም። ሲሸከም ውሎ ምሳ ሰዓት ላይ ለሦስት ሰው የሚበቃ ትሪ ብቻውን ያጸዳል። አይቶ የሚደነግጥ እንግዳ ሲያጋጥመው፣ «ካልበላሁ በምን ጉልበቴ ልሸከም?» ይለዋል።

አምና ክረምት ላይ ከጭነት መኪና የተንሸራተተ ኩንታል እግሩን ሰበረውና ቤት ዋለ። ሚስቱ ሶረቲ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ቤቱን ያዘች። ጆቴ አልጋ ላይ ተጋድሞ እሷ ደክማ ያመጣችውን መብላት አሳፈረው። ምግብ ሲቀርብ ጥቂት ቆርሶ፣ «በቃኝ፣ ተኝቶ የሚውል ሰው ምን ይበላል» ብሎ ሳህኑን ወደ ልጆቹ ይገፋዋል። መጀመሪያ ሰሞን ረሃቡ እንቅልፍ ይነሳው ነበር። እየቆየ ሲሄድ ረሃቡም ተወው።

እግሩ ድኖ ሥራ የተመለሰ ዕለት ጓደኛው ዲዳ ምሳ ጋበዘው። ጥብስና ሽሮ የሞላበት ትሪ ቀረበ። ወዛደሮቹ እንደ ድሮው ሲበላ ሊያዩት ዞሩ። ጆቴ እጅጌውን ሰብስቦ ጀመረ። ሦስተኛውን ጉርሻ ሲውጥ ግን ከደረቱ ሥር አንድ ነገር የተዘጋ መሰለው። አራተኛውን በውሃ ገፋው። ላብ አጠመቀው።

«ምን ሆንክ?» አለው ዲዳ።

«ቁርስ አብዝቼ ነው።»

ቁርስ የሚባል ነገር አልቀመሰም ነበር።

ያስፈራው የታላቅ ወንድሙ የምልኬሳ ነገር ነው። ምልኬሳ አርሲ ነገሌ ገብስ የሚያርስ ብርቱ ሰው ነበር። እሱም እንዲሁ «ቶሎ እየጠገብኩ ተቸገርኩ» ማለት ሲጀምር ሰው ሁሉ ቀለል አድርጎ አየው። ሆስፒታል ሲደርስ ጨጓራው ላይ የወጣው ካንሰር ጊዜው አልፎበት ነበር። ጆቴ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው አንድ ማንኪያ አጥሚት መዋጥ አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ሱሪው አልይዝ ሲለው ቀበቶውን በሚስማር በስቶ ሸሚዙን ከላይ ለቀቀበት። ሶረቲ የቋጠረችለትን ምሳ ለመጋዘኑ ውሻ ይሰጣል። ኩንታል ሲያነሳ ጉልበቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ያልበላ ሰው መሆኑን ረስቶ «በቃ፣ ጀመረኝ» ይላል። ሰው ሳያየው ሆዱን ይደባብሳል፤ የሚጠጥር ነገር ያገኘ ይመስለዋል፣ ደግሞ ይጠፋበታል። ሐኪም ቤት መሄድ መርዶን በገዛ እግር ሄዶ መቀበል ሆነበት።

አንድ ቅዳሜ ሶረቲ በቅቤ የራሰ ጭኮ ሠራችለት። ከልጅነቱ የሚወደው ምግብ ነው። ሁለት ማንኪያ በልቶ አቆመ።

«የምልኬሳ በሽታ ነው ብለህ ነው አይደል የፈራኸው?» አለችው።

ጆቴ ሸሚዙን ወደ ታች ሳብ አደረገ።

«እኔም እሱኑ ነው የፈራሁት። ልብስህ እየሰፋብህ መሄዱን ያላየሁ መስሎሃል?»

«ነው ካሉኝስ፣ ከዚያ በኋላ ምን ይውጠኛል?»

«ወንድምህ እንዲህ እያለ ነው የዘገየው። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

ሰኞ ዕለት ዶክተር ዋፊቃ የምትባል ሐኪም ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብታ ጨጓራውን አየች። ጆቴ አንጀቱ እስኪገለበጥ እያቅለሸለሸው ዓይኑን ከፊቷ ላይ አልነቀለም፤ ግንባሯን ቋጠር ባደረገች ቁጥር ልቡ ይወርዳል። ስትጨርስ ሶረቲን አስጠራች። ሚስቱን ስትጠራ ጆቴ አበቃልኝ ብሎ ነበር።

«እባጭም ቁስልም የለም» አለች ዶክተሯ።

ጆቴ የሰማውን አላመነም። «ታዲያ ጨጓራዬ ጠቦ ነው?»

«አልጠበበም። የማንም ሰው ጨጓራ ባዶውን ሲሆን ትንሽ ነው። ምግብ ሲገባበት ይለጠጣል፣ ሲወጣለት ይሰበሰባል። ብዙ መብላት ያስለመዱት ጨጓራ ብዙ እስኪይዝ ይላላል። ለወራት ጥቂት ጥቂት ብቻ ሲበሉ ደግሞ መላላቱን ይረሳና ቶሎ ሞላሁ ይላል። የተለወጠው ልማዱ ነው። ቢሆንም በወንድምዎ የደረሰውን እያወቁ ዝም ማለት አልነበረብዎትም። ክብደትዎ ካልተመለሰ ወይ ሲውጡ ካመመዎት ቶሎ ይምጡ።»

ጆቴ ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሶረቲ እስኪወጣለት አጠገቡ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ደጋግማ ታበላው ጀመር። ቀስ በቀስ የአንድ ሰው ምሳ መጨረስ ቻለ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሞከረም። አሁንም ቶሎ የጠገበ ቀን ፊቱ ይጠቁራል፣ ከሰው ጋር አያወራም። ገና ረፋዱ ላይ ሆዱ ሲጮህበት ግን ሸክሙን አውርዶ ለሶረቲ ይደውልላታል።

«ራበኝ» ይላታል።