አጋምን በስሙ

ልጅ ሆነን፣ ክረምት ሲወጣ፣ ከቁስቋም በላይ ካለው ቁጥቋጦ አጋም እንለቅም ነበር። እሾሁ ክንዳችንን ይቦጫጭረናል፣ ወተቱ ከንፈራችን ላይ ይጣበቃል፤ ጠቁሮ የበሰለው ግን ሲጣፍጥ ለጉድ ነው። ሥሩ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። የቡዳ መድኃኒት ነው ተብሎ ይታጠናል፣ በልጅ አንገትም ይታሰራል። ቡዳ የተባልነው እኛ ነን፤ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናትና። እንስራ አዝላ ስታልፍ የማዶ ሰፈር ሴቶች በልጆቻቸው አንገት የታሰረውን ሥር ዳበስ ያደርጉ ነበር። "ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" እያሉም ልጆቹን ከእኔ ያርቋቸዋል። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አምና ፍሬውን በስኳር ቀቅዬ ማርማላታ ሠራሁ። በትንንሽ ጠርሙስ ሞልቼ "አጋም" ብዬ ጻፍኩበትና አንድ ሱፐርማርኬት ወሰድኩት። ባለቤቱ በማንኪያ ቀምሶ ፊቱ በራ።

"እህቴ፣ ቆንጆ ነው። ግን አጋም የሚለውን አንሺው። ብላክ ከረንት በይው፣ ሰው ይሻማበታል።"

"ብላክ ከረንት አይተህ ታውቃለህ?"

"ማን አይቶት ያውቃል? ከውጭ ከሚመጣው ጭማቂ ላይ ስሙን ለምደነዋል፣ በቃ። አጋም ስትይው ግን ሰው ቡዳ ነው የሚያስበው።"

ወይ ነዶ! እኔ በእሾህ ተቦጫጭሬ ለለቀምኩት፣ ሁለታችንም በዓይናችን ያላየነውን ፍሬ ስም ላወጣለት? ምን ቆርጦኝ! ጠርሙሶቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

እናቴ ስትሰማ "ምን አለበት ልጄ፣ በፈለጉት ስም ይጥሩት። ቡዳ አበላችን እንዲሉሽ ነው?" አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ እንስራዋን ለነጋዴ እያስረከበች የኖረች ሴት ናት፤ ገበያ ላይ "ማን ሠራው?" ሲባል እሷ የለችም።

"እኔ አልደበቅም፣ እማዬ!" ብዬ ጮህኩባት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከእንጦጦ ማርያም በሚያወርደው መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘረጋሁ። እናቴ ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላ ያጣፋች ሴትዮ ቀመሰች፣ ጣቷን ላሰች፣ ሁለት ጠርሙስ አነሳች።

"የት ነው የምትሠሩት?" አለችኝ።

የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር መጥራት ማንነታችንን መናገር ነው፤ ያ ሁሉ ፉከራዬ የት እንደገባ እንጃ፣ ጠርሙሶቹን እደረድር ጀመር።

"ቀጨኔ" አለች እናቴ። "እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እሷም ልጄ ናት።"

ሴትዮዋ ጠርሙሶቹን ቀስ ብላ አስቀምጣ ሄደች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ግን ተነስታ ቆመችና ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ትጣራ ጀመር፦ "ሸክላ ሠሪዎቹ የሠራነው የአጋም ማርማላታ! ኑ ቅመሱ!"